ከድልድዩ አንዲት ጣቢያ አልፎ

እትዬ ችኮ ያቺን ቂም ስምንት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛ ኖራለች። በሆዷ ሲባል ታዲያ ዝም ብላ እንዳይመስል፤ ያልነገረችው ቢኖር በምትሠራበት ሆቴል የሠራተኛ መግቢያ በር ላይ የሚተኛው ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሳይሰማ አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡሩ በቀጠና ነው የሚያስከፍለው። ከዳር ሰፈር ተነስቶ እስከ ድልድዩ ጣቢያ አንደኛ ቀጠና ነው፤ ትኬቱ ቢጫ። ድልድዩን አልፎ መሀል ከተማ ከተገባ ሁለተኛ ቀጠና ነው፤ ትኬቱ አረንጓዴ፣ ሂሳቡም እጥፍ። እትዬ ችኮ አንሶላ የምታጥፍበት ሆቴል ደግሞ ከድልድዩ አንዲት ጣቢያ ብቻ አልፎ፣ አደባባዩ ላይ ነው።

«ለአንዲት ጣቢያ እጥፍ? ይቺን መስመር ያሰመረው በእግሩ ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው!» ትላለች። በየቀኑም ድልድዩ ላይ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ትወጣዋለች። ችኮ የሚለውንም ስም ያወጡላት በዚህ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርድ ነበር። ድልድዩ ላይ በሩ ተከፈተ፤ አየችው፤ አልወረደችም። ለአንድ ቀን ማን ያየኛል አለች። በሩ እንደተዘጋ ትኬት ተቆጣጣሪው ከፊቷ ቆመ።

«እናት፣ ትኬት።»

ቢጫዋን ሰጠችው።

«ይሄ እኮ ድልድዩ ላይ አለቀ።»

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።»

«በሩ ሲከፈት እያዩት ነበር፣ እናቴ» አለ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። ከኋላ የነበሩ ተማሪዎች ሳቁ። አደባባዩ ላይ አወረዳትና ቅጣቱን ቆሞ ጻፈ፤ እስኪጽፍ ድረስ ወጪ ወራጁ ሁሉ እያያት አለፈ። ሥራ አርፍዳ ገባች። አለቃዋም ለቅጣት አንድ ወር አንሶላ የሚቀቀልበት የፈላ ውሃ ክፍል ጣለቻት።

በሳምንቱ ወደ ባቡሩ ቢሮ፣ ወደ አቤቱታ መስኮቱ ሄደች። ጸሐፊዋ የጥፍር ቀለሟን እያደረቀች ሰማቻትና፣ «እትዬ፣ ይሄማ ሥራው ነው። ትኬት ጠየቀኝ ተብሎ አይከሰስም። እጁን አንስቶብሽ ከሆነ ሌላ ነገር» አለቻት።

እትዬ ችኮ ደግሞ ከሄደችበት ባዶ እጇን መመለስ አታውቅም።

«ገፍትሮኛል» አለች።

አንዲት ቃል ናት። ከአፍ እስክትወጣ ምንም አትከብድም።

ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ባቡር ላይ አይታው አታውቅም። የት እንደደረሰ አልጠየቀችም፤ ያልጠየቀችበትን ምክንያት ግን ታውቀዋለች። እሱ በሐሳቧ ውል ባላት ቁጥር ታሪኩን ጮክ ብላ ታወራዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ትከሻዋን ነበር የገፋት፤ በሦስተኛው፣ ደረጃው ላይ ወርውሯት ነበር፤ በአምስተኛው ጉልበቷ ተጎዳ። ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ታነክሳለች።

«የቱ እግር ነበር እትዬ? ባለፈው ግራው ነበር እኮ!» ይሏታል ካውያው ጋ ያሉት ሴቶች።

«ሁለቱም ነው! የሚገፈትር ሰው እግር ይመርጣል እንዴ?»

ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች። ሲሳቅበት ትንሽ ይቀላታል።

ዘንድሮ አንዲት አዲስ ሠራተኛ ተቀጠረችና ከእሷ ጋር ተመደበች። ትልልቁ አንሶላ ለሁለት ነው የሚታጠፈው፤ ሁለት ሁለት ጫፍ ይዞ መወጠር፣ ማራገፍ፣ ከዚያ ተቀራርቦ ጫፍን ከጫፍ ማጋጠም። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ነው፤ ከሰው ዓይን መሸሻ የለውም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ችኮ ታሪኳን ከነጉልበቷ አወራችላት። አዲሷ አልሳቀችም።

«የት ጣቢያ ነው?»

«አደባባዩ።»

«ስንት ዓመቱ?»

«ስምንት።»

አንሶላው በመሀላቸው እንደተወጠረ ቀረ።

«ባሌ ነው» አለች አዲሷ። «ተሳፋሪ ገፈተርክ ብለው ከባቡር ላይ አነሱት። በወዲያኛው መስመር መጨረሻ ጣቢያ በር ጠባቂ አደረጉት፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። አልነካኋትም፣ ልጄ ይሙት ብሎ ማለልኝ። አንድ ቀን አምነዋለሁ፣ አንድ ቀን አላምነውም። ለካ በልጁ በውሸት ነው የማለው!»

 «አይ...» አለች እትዬ ችኮ። ሳትጨርሰው አለቃዋ፣ «ወሬውን ለቤታችሁ!» ብላ ጮኸችባቸው። እትዬ ችኮ ያን ጩኸት በሆዷ መረቀችው።

በማግስቱ አዲሷ ከባዱን ቅርጫት ከእጇ ነጠቀቻት። «ተይው እትዬ፣ ጉልበትሽ አለ።» ቀጥሎም የጉልበት ቅባት አመጣችላት። «ስለ እሱ ይቅር በይኝ» አለቻት፣ ጥፋተኛዋ ራሷ የሆነች ይመስል። እትዬ ችኮ ቤቷ ገብታ ቅባቱን ስታየው ቆየች። ወርውሮ መጣሉ ግፍ መሰላት፤ ደህናውን ጉልበቷን ቀባችው። አቃጠላት። በዚያው ሳምንት ሰማዩ ቢጠቁርም አላነከሰችም፤ ከልካይ ያዛት።

ሐሙስ ዕለት አዲሷ ዓይኗ አብጦ መጣች።

«ልለየው ነው እትዬ። ልጄን ይዤ እህቴ ጋ እገባለሁ። ማጣቱን ችዬዋለሁ፤ በልጅ በውሸት መማሉን ግን አልችልም። ትናንት ሴትዮዋን አገኘኋት አልኩት። ድሮ ይምል ነበር። አሁን ዝም አለኝ።»

እትዬ ችኮ አንሶላውን ጨበጠችው። «ምናልባት...» አለች፣ «ምናልባት ባቡሩ ሲቆም ይሆናል የገፋኝ።»

«ከወረድን በኋላ ነው ብለሽኝ የለ እንዴ?»

ማምለጫ አልነበረም።

«አልነካኝም።»

«ምን?»

«አልነካኝም አልኩሽ! ትኬት ጠየቀኝ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ገፍትሮኛል ያልኩት እኔ ነኝ። ከአፌ ነው የወለድኩት፤ ያሳደግኩትም እኔው ነኝ።»

አዲሷ ጫፏን ለቀቀችው። ንጹሑ አንሶላ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ቅባቱንስ?» አለች። «ቅባቱን ተቀባሽው?»

«ተቀባሁት።»

«ዓይንሽን በጨው የታጠብሽ!»

«ነኝ። ስደቢኝ።»

«መስደቤ ምን ይሠራለታል? ሂጂና ለእሱ ንገሪው!»

ሥራ እንዳለቀ እትዬ ችኮ ወደ ትኬት መሸጫው ሄዳ «ሦስተኛ ቀጠና» አለች፣ መሀል ከተማን አልፎ እስከ መጨረሻው ጣቢያ የሚያደርሰውን፤ ከተወለደች ጠይቃው አታውቅም። ከአዲሷ ጋር አንድ ፉርጎ ውስጥ ተሳፈሩ እንጂ አጠገብ ለአጠገብ አልተቀመጡም። ጣቢያው አንድ በአንድ ሲያልፍ፣ ይቅርታውን በልቧ ስትደረድር ስታፈርስ፣ መጨረሻው ላይ ደረሱ።

ሰውየው ከመውጫው በር አጠገብ ቆሟል። ትኬቱ እምቢ ላለው ሰው በሩን በእጁ ይከፍታል። ያኔ ጥቁር የነበረው ጢሙ ሸብቷል። ሚስቱን ሲያይ ደነገጠ።

«ምነው? ልጁ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ይቺ የምትልህ አላት።»

ከባቡሩ የወረደው ሰው ከኋላቸው ተሰልፏል። «ሰው ይለፍና...» ብላ አዲሷ ክንዷን ያዘቻት።

«አይሆንም፤ ሰው ባለበት ነው» አለች እትዬ ችኮ። የደረደረችው ሁሉ ጠፍቶባት ነበር። «ጌታዬ፣ ገፈተረኝ ብዬ ያስነሳሁህ እኔ ነኝ። አልነካኸኝም። አልተኛሁም ነበር፤ በሩንም አይቼዋለሁ። ዋሽቼብህ ነው።»

  አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ትኬቷ እምቢ ቢላት፣ ሰውየው ዓይኑን ከእትዬ ችኮ ሳይነቅል በሩን ከፍቶ አሳለፋት። ሚስቱ አጠገቡ መጥታ ቆመች፤ እሱ ግን ወደ እሷ አልዞረም።

«ይሄን መሀል ከተማ ቢሮው ቀርበው ይደግሙታል?» አለ።

«እደግመዋለሁ።»

«በውሸት ይከሱዎታል እኮ።»

«ይክሰሱኝ። ስንት ሰዓት ነው የሚዘጉት?»

«አሥራ አንድ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አየች። አሥር ሰዓት አልፏል። ወደ መሀል ከተማ የሚመለሰው ባቡር በሩን ሊዘጋ እየጮኸ ነበር፤ እትዬ ችኮ ቀሚሷን ሰብስባ በሁለት ደህና እግሯ ሮጠች።