ከደረጃው ሥር ያለው አግዳሚ

ፊቢ ዋርነር ፊላደልፊያን በእግር እያዞረች የጸረ ባርነት ታሪክ ማስጎብኘት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። ኩዌከር ከሚባል የክርስቲያኖች ማኅበር ናት፤ ወገኖቿ እርስ በርስ «ወዳጅ» ነው የሚባባሉት፣ ባርነትን ገና በጠዋቱ አወገዙ እየተባለም ይወራላቸዋል። ይህን ስትናገር ስሟ የተጻፈበትን ካርድ የተሸከመው ደረቷ ነፋ ይላል።

የጉብኝቱ ማብቂያ አሮጌው ጸሎት ቤታቸው ነው። ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰው ተከትሏት ገባ። ከሁሉም ኋላ የደረሱት ወይዘሮ ኤርሊን ቦልደን የሚባሉ ጥቁር ባልቴት ጉልበታቸውን ይዘው ቆሙ። ፊቢ አዘነችላቸው። ሳታስብ፣ ቅርብ ስለሆነ ብቻ፣ ከደረጃው ሥር የተሸጎጠውን አግዳሚ አሳየቻቸው።

«እማማ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ።»

ባልቴቷ አግዳሚውን አዩት፤ እሷንም አዩዋት። «አይ ልጄ፣ እዚህስ ድሮ ተቀምጠንበታል።»

«ቀድመውን ጎብኝተዋል ለካ!» አለ አንድ ባለ ቀይ ኮፍያ ጎልማሳ። ሰዉ ሳቀ።

ፊቢን ግን ላብ አጠመቃት። ገብቷታላ! የዛሬ ሦስት ዓመት የጸሎት ቤቱን የድሮ ቃለ ጉባኤ ስታገላብጥ አንብባዋለች። «ጥቁር ወዳጆች ከደረጃው ሥር ይቀመጡ» ይላል፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። ወዳጆች! ባሪያ አይሸጥ ብለው የፈረሙትም እነዚያው እጆች ናቸው። አንብባ መዝገቡን ከደነችው። በሚቀጥለው ሳምንት እናገራለሁ አለች፤ ያ ሳምንት ይኸው ሦስት ዓመት ሞላው። አግዳሚውን ግን አንድም ቀን ሳትወለውለው ቀርታ አታውቅም።

አሁንም ማምለጫ አላጣችም። «በእኛ ወግ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚህ ስንገባ ለጥቂት ጊዜ ዝም እንላለን።»

«ዝም ማለቱንስ ችላችሁበታል» አሉ ወይዘሮ ኤርሊን። «የአያቴ እናት እዚህ ጥግ ተቀምጣ ስትጸልይ ኖራ፣ በቃኝ ብላ ነው የወጣች። ንገሪያቸው የኔ ልጅ። እኔ ብነግራቸው የባልቴት ኩርፊያ ነው የሚሉት።»

ፊቢ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከቃለ ጉባኤው ያነበበችውን ነገረቻቸው። «እንግዲህ ጊዜው እንዲያ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ናቸው የወሰኑት» ብላ ልትቋጨው ስትል፣ ያ ጎልማሳ ኮፍያውን አውልቆ ጠየቃት።

«የትኞቹ ሽማግሌዎች? ስም የላቸውም?»

ስምማ አላቸው። ከውሳኔው ግርጌ የፈረመው ኤሊያብ ዋርነር ነው፣ የአያቷ አያት። የፊቢ እጅ ሳታዘው ሄዶ ደረቷ ላይ ያለውን ካርድ ሸፍኖት ነበር። ወይዘሮ ኤርሊን ጉልበታቸውን እንደያዙ፣ አሁንም እንደቆሙ፣ ያን እጅ አዩት። ፊቢ በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

እጇን ከካርዱ ላይ አነሳች።

«ስሙ» አለች፣ «እዚህ ተጽፏል።»