የአማከለች ጊዮርጊስ

አማከለች አንገቷ ላይ የምታስራት ጌጥ ከእናቷ የወረሰቻት ናት። ጣሊያን ጥሏት እንደሄደ ይባላል፤ ቡናማ ዛጎል ላይ ነጭ ምስል ተፈልፍሎባታል። ፈረሰኛ አለ፣ ዘንዶ አለ፣ የታሰረች ልጃገረድ አለች። ይህን አይቶ ጊዮርጊስና ብሩታዊት መሆናቸውን የማያውቅ የመንዟ ሞላሌ ውስጥ ቢፈለግ አይገኝም።

ልጇ ይሥሐቅ ባድመ ሲዘምት ይችኑ ጌጥ ጨብጣ፣ «ጊዮርጊስ፣ ልጄን መልስልኝ፤ ይችን ለደጅህ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ይሥሐቅም ከነሙሉ አካሉ መጣ። ስለት የበላ ሰው ምን እንደሚገጥመው ለመንዝ ሰው አይነገረውም። ስለዚህ ሚያዝያ ሃያ ሦስት ቀን፣ ታቦቱ ሳይወጣ ማልዳ ደጀ ሰላም ደረሰች።

መሪጌታ መርስዔ ኃዘን መነጽራቸውን አድርገው ጌጧን አገላበጧት።

«ፈረሱ ክንፍ አለው» አሉ።

«ፈጥኖ ደራሽ አይደል እንዴ!» አለች አማከለች።

«ሱሪውስ የታለ?»

«ዘንዶው አፉን ከፍቶ እሱ ሱሪ ፍለጋ ይሂድልዎ?»

«ብሩታዊትም ራቁቷን ናት። እንዲህ ሆና ቤተ መቅደስ አትገባም!»

ይሄኔ ለማስቀደስ የመጣችው የታሪክ መምህርት ሰርካለም አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «መሪጌታ፣ ይሄማ ጊዮርጊስ አይደለም። የጥንት ግሪኮች ተረት ነው፤ እሱም ልጃገረድ ከዘንዶ ያዳነ፣ ፔርሲየስ የሚባል ጀግና ነው» አለች። አሁን ዝም ብትል ምን ነበረበት!

አማከለች ሁለት ዓመት ሙሉ ያለቀሰችው ሱሪ ለሌለው አረማዊ ነው? ታዲያ ልጇን ያመጣላት ማን ነው? ስለቱስ ለማን ይገባል? መልሰው የሚወስዱባት ይመስል ዞራ ይሥሐቅን አየችው፤ በርኖሱን ደርቦ ከጽዱ ሥር ቆሟል።

«መሪጌታ፣ አለቀልኝ» አለች። እንባዋ ወረደ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። «ስትለምኚ ማን ብለሽ ጠራሽ?»

«ጊዮርጊስ ብዬ ነዋ!»

«ደብዳቤ የሚደርሰው በተጻፈበት ስም ነው ወይስ በቴምብሩ ሥዕል?»

መልስም ሳይጠብቁ ሕዝቡ ፊት ወጥተው፣ «አማከለች ስለቷን አስገብታለች!» ሲሉ ጌጧን ከፍ አድርገው አሳዩ፤ አውራ ጣታቸውን ግን ራቁቷን ካለችው ልጅ ላይ አላነሱም። ማንም ሳይቀድማት አማከለች ራሷ እልልታውን አቀለጠችው።