እንሰት የምፍቅበት እግር

አጥንቴን የገጠመው አባ ሙስተፋ ነው፤ እግሬን የመለሰልኝ ግን ተማሪው ሀቢቡ ነው። ይህን ስናገር አባ ሙስተፋ ይቆጣል የሚል ካለ ተሳስቷል፤ እሱ ራሱ ነው እንዲህ የሚለው።

ጊዜው ጣልያን በቡታጅራ መንገድ የጭነት መኪና ማመላለስ የጀመረበት ሰሞን ነበር። ቆጮዬን ሸጬ ከጎረቤቴ ከሃሊማ ጋር ከገበያ ስመለስ አንዱ መኪና ከኋላችን መጥቶ ጡሩምባውን ነፋ። የሃሊማ በቅሎ ደነበረችና ቀኝ ቅልጥሜን በእርግጫ ብላ ጣለችኝ። መኪናው ዞርም ሳይል አለፈ። ሃሊማ ጣልያንን ስትረግም እኔ በቅሎዋን እረግም ነበር። ያቺን በቅሎ እስከ ዛሬ አልወዳትም።

አባ ሙስተፋ ያገራችን ወጌሻ ነው። እኔ ስጮህ እሱ አጥንቴን ገጥሞ፣ በቀርከሃ ስንጣቂ ደግፎ፣ በቃጫ ጠፍሮ ጨረሰ። ከዚያ በር ላይ የቆመውን ረጅም ጎረምሳ ጠቆመኝ።

«ይኼ ሀቢቡ ነው፤ ከኔ ዘንድ ሲማር ቆይቷል። መግጠም ያውቃል። የተገጠመውን ወደ ሥራው መመለስ ግን ገና አልፈተንኩትም። ዘይባ፣ አንቺ በዚህ እግርሽ እንሰት ከፋቅሽ እሱ ለብቻው ይሠራል።»

«እኔ መፈተኛ ልሁን?» አልኩ።

«ኢንሻአላህ ሁለታችሁም ታልፋላችሁ» አለና ተነሣ።

ለሀቢቡ ፈተና ይሁን እንጂ ለእኔ ከዚያም ይበልጥ ነበር። ባሌ ሞቶብኛል። አንድ ልጄ ከማሉ አዲስ አበባ ይነግዳል። መሰበሬን ሲሰማ «ለዐረፋ እመጣለሁ፤ እግሯ ለእንሰት የማይሆን ከሆነ ጓሮውን ለአጎቴ ሰጥተን እናቴን ይዣት እሄዳለሁ» ብሎ በመንገደኛ ላከብኝ። ልጄ ወርቅ ነው፤ ክፋት የለውም። ግን ያንን ጓሮ እኔ ነኝ የተከልኩት። እንሰት በሌለበት ከተማ ምራቴ አጠገብ ተቀምጬ ምን ልሠራ ነው? ሌሊት ሌሊት አለቀስኩ፤ ቀን ግን ለማንም አላሳየሁም።

ጠያቂ ደግሞ አያልቅም። ያገሬ ሰው ለተሰበረ ሲሳሳ ለጉድ ነው። ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፣ ያጎርሱኛል፣ ውሃዬን ያቀርቡልኛል፣ ትንሽ ስነቃነቅ «በአላህ፣ አትነሺ!» ይላሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ተኝቶ መብላትን ማን ይጠላል?

ሀቢቡ ጠላ። አጥንቱ ያዘ ተብሎ ቀርከሃው በተፈታ ማግስት የውሃ ቅሌን አንስቶ ከቤቱ ወዲያኛው ጥግ ሰቀለው። «ሲጠማሽ ሄደሽ ጠጪ» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ እናት የለህም?»

«አለችኝ፤ እሷ ግን ትራመዳለች።»

ጠያቂዎቹንም እንዲሁ አላቸው፦ ቅቤውን አምጡ፣ እሷን ግን አታንሷት። ሃሊማ ተቀየመችው። እኔ ግድግዳ እየያዝኩ፣ እየተሳደብኩ፣ ቅሉ ዘንድ ደረስኩ። እሱ ከኋላዬ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። በየቀኑ ይህንኑ ይላል። አንድ ቀን «እንቁላልህ አዲስ አበባ ደርሷል፤ እኔ ገና ደጄ ላይ ነኝ!» ብዬ ጮህኩበት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳልፈልግ።

ብዙ ሳይቆይ ያለ ምርኩዝ ሄድኩ። በመንደራችን ሰፊ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ስራመድ ሰዉ ሁሉ «ማሻአላህ» አለ። ሀቢቡም ደረቱን ነፋ። ፈተናውን ያለፈ መስሎት ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከሃሊማ ጋር ጓሮ ገባሁ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ከግንዱ የተገነጠለውን ልጥ ዘመም ባለው ሳንቃ ላይ ዘረጋሁ፤ እንደ ልማዴ ቀኝ እግሬን ወደ ላይ ሰቅዬ የልጡን ጫፍ በተረከዜ ያዝኩ። የቀርከሃ መፋቂያዬን ገና አንዴ ስስብ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ልጡ ተንሸራትቶ ጭቃ ላይ ወደቀ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግሞ ወደቀ። መሄድ እችላለሁ፤ መያዝ ግን አልችልም። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሃሊማም አብራኝ።

ለሀቢቡ ስነግረው ቅልጥሜን ዳሰሰ። ቆይቶ «እትዬ ዘይባ፣ ለመሆኑ እንሰት የሚፋቀው እንዴት ነው?» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። በአገራችን ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ወንድ አይገባም፤ ነውር ነው። ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ቆጮ በልቷል፤ እናቱ በየትኛው አካሏ እንደምትሠራው ግን አንድም ቀን አላየም። እግሬን ለመንገድ ብቻ አሰናድቶታል።

እኔ እግሬን ሰቅዬ እንዳላሳየው ነውር ሆነብኝ። ሀቢቡ ግን ሳንቃ ተሸክሞ መጣና ደጄ ላይ አዘመመው። «እንሰትም መፋቂያም የለም፤ እንጨት ብቻ ነው። እኔ ልቀመጥ፣ አንቺ አስተምሪኝ» አለ። ቁራጭ ቆዳ በተረከዙ ይዞ እግሩን ሰቀለ። «ከፍ አድርግ! ግፋ! አትልቀቅ!» አልኩት፤ የዚያን የቅሌን ቂም ተወጣሁ። ብዙም አልቆየ፣ ያ ጎረምሳ እግሩ እንደ እኔው ተንቀጠቀጠ። እሱ ግን ደስ አለው።

«እዚህ ጋ ነው!» አለ ከጉልበቱ በላይ ያለውን ሥጋ ይዞ። «የተሰበረውን ስጠብቅ ያልተሰበረውን ረሳሁት። ተኝቶ የሰለለው ይኼ ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ጅባ ምንጣፌ ላይ አስቀምጦ የቤቴን ምሰሶ በተረከዜ ያስገፋኝ ጀመር። «እንደምትጥዪው አድርገሽ ግፊ» ይለኛል። «ከወደቀ አንተ ነህ የምትሠራው» እለዋለሁ። ከኔ ቤት ሲወጣ ደግሞ በየሰው አጥር ሥር ተቀምጦ፣ ሴቶች ከጓሮ ሲፍቁ ድምፁን ሲያዳምጥ ይውላል። ሰዉ ልጁ አበደ አለ።

ዐረፋ ሲቃረብ ከማሉ መጣ። እግሬን እያየ ሳመኝ። ሴቶቹ ለደቦ ጓሮዬ ተሰበሰቡ፤ ከማሉ፣ አባ ሙስተፋና ሀቢቡ በእንሰት ቅጠል ከታጠረው ግርዶሽ ወዲያ ተቀመጡ።

ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ልጥ ፋቅሁ፤ እግሬ ያዘ። ሁለተኛውንም ያዘ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ላላ። ፈራሁ። አዲስ አበባ ታየኝ። ቀስ ብዬ ቀኜን አወረድኩና በግራዬ ያዝኩ። ሃሊማ አየችኝ፤ ግን የምታሳጣኝ ሴት አይደለችም።

«እትዬ ዘይባ!» አለ ሀቢቡ ከወዲያ ማዶ። «እግር ቀየርሽ!»

«አንተ ባለጌ፣ ምን ታያለህ?» ብላ ሃሊማ ጮኸች።

«አላየሁም፣ ሰማሁ። በቀኟ ስትይዝ ፍቂያው ረጅም ነው፤ አሁን አጠረ። እትዬ፣ ምሰሶውን ግፊ!»

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። እኔ አልሳቅሁም። እግሬን መልሼ ሰቀልኩና ያንን ምሰሶ ገፋሁ፤ ቤቴን፣ ጓሮዬን፣ ሁሉንም ገፋሁ። ተንቀጠቀጠ፤ አልለቀቅሁም። ከልጡ ነጭ ቃጫ ብቻ እስኪቀር ድረስ ፋቅሁ። ከዚያ ሌላ አቀብዪኝ አልኳት ሃሊማን።

ከወዲያ ማዶ የአባ ሙስተፋን ድምፅ ሰማሁ። «ሀቢቡ፣ ከነገ ጀምሮ የራስህን ቀርከሃ ቁረጥ።»

ያኔ ነው እንባዬ የመጣው፤ ለእሱ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

ከማሉ በዓሉን አብሮኝ ውሎ ሲመለስ፣ እኔን ሊወስድባት ባመጣት በቅሎ ላይ ቆጮዬን ጫንኩለት። ስትጫን ግን ራቅ ብዬ ቆምኩ።