ሰሊጡ ከወጣ በኋላ

አብዱረሕማን ቤት ሊከራይ የመጣ ቀን ውኃ አለ ወይ፣ ሽንት ቤቱስ ወዴት ነው ብሎ አልጠየቀም። መጋዘኔ ገብቶ በሰሊጥ ጆንያዎቹ መካከል ቆመና አንድ ጊዜ አጨበጨበ። ጆሮውን ቀስሮ ቆየ። ደግሞ አጨበጨበ።

«አኺ አለኸኝ፣ ይኸ ቤት ድምፅ ይበላል» አለኝ ፊቱ በርቶ። አኺ ማለት በእነሱ ወንድሜ ነው።

ባለቤቴ የዓለምወርቅ ከበሩ ላይ ሆና ሰማችና፣ «እኛስ አይጡ ብቻ የሚበላ መስሎን ነበር» አለች።

ሰውየው በጦርነቱ ከሱዳን የተሰደደ ነው። አትባራ በምትባል ከተማ የሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮ ነበረው። መተማ ሲደርስ ግን የቀረው አንድ ላፕቶፕና ሁለት ማይክሮፎን ነው። ሌላው ስደተኛ መጀመሪያ ሻይ ቤት ይከፍታል፤ እሱ የሙዚቃ ኩባንያ ከፈተ። ስሙንም «ጓንግ ሙዚቃ» አለው። የኛው ጓንግ ወንዝ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ አትባራ እየተባለ በእሱ ከተማ ያልፋላ! ድንበር የተሻገሩ የሱዳን ዘፋኞችን እያፈላለገ ይቀዳል፣ በኢንተርኔት ይለቃል፣ በፍላሽ እየሞላ ለባጃጅ ነጂዎች ይሸጣል። እኛም የሱዳን ዘፈን እየሰማን ትከሻችንን መያዝ የማንችል ሰዎች ነንና ገበያው አልከፋውም። ሥራ አስኪያጁም፣ ሠራተኛውም፣ ዘበኛውም ራሱ ነው። «ዳይሬክተሩ አሉ?» እያልሁ እገባበታለሁ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይለኛል ሱሪውን እያጠበ።

ሰሊጡ የኔ ነው። ዋጋ ይጨምራል ብዬ ካለፈው መኸር ጀምሮ እንደያዝሁት ነሐሴ ገባ። «ይኸ ሰሊጥ ጡረታው ደረሰ» ትለኝ ነበር የዓለምወርቅ።

በዚያው ነሐሴ አብዱረሕማን ሐጃ ዘሀቢያን አገኘ። ሐጃ በአገራቸው ሙሽራ በሚዳርበት ቤት ሁሉ ደሉካ የሚሉትን የሸክላ ከበሮ እየመቱ ሲዘፍኑ የኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። ዘፈኑን የተማሩት ከእናታቸው ነው፤ አብረዋቸው ይዘፍኑ የነበሩት ሴቶች በየአገሩ ተበትነዋል። አሁን ልጃቸው ወደ ውጭ ሊወስዳቸው አዲስ አበባ ሆኖ እየጠበቃቸው ስለሆነ ዓርብ ጠዋት በአውቶብስ ወደ ጎንደር ይሄዳሉ። ስንት ተለምነው ለሐሙስ ጠዋት እሺ አሉ።

«ሐሙስ ካልቀዳሁ የእናታቸው ዘፈን ከሳቸው ጋር ሄደ ማለት ነው» አለኝ አብዱረሕማን። «ሌላ የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም።»

እኔም ነገሩ በደንብ ገብቶኝ ነበር። ብቻ ረቡዕ ሸሕዲ ከተማ ያለው ነጋዴ ደወለና ሰሊጥ ጨመረ አለኝ። «በል ነገ በጧት መኪና ላክ!» አልሁት። ሐሙስ ገና ቁርስ ሳይደርስ ጫኞቹ ጭነው ጨረሱ። እኔ ደግሞ ደግ ሰው አይደለሁ? እንግዳዋ እንዳይጨናነቁ ብዬ ወለሉን ጠረግሁ፣ ውኃ ረጨሁ፣ መስኮቱን ከፈትሁ። ከዚያ ምስጋናዬን ልቀበል ቆሜ ጠበቅሁ።

አብዱረሕማን ሐጃን ይዞ መጣ። የበሩ ደፍ ላይ ቀጥ አለ። አጨበጨበ። ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ፣ ልክ ከእጅ እንዳመለጠ ትሪ እየተንቋቋ ተመለሰ።

«ሰሊጡ የት ሄደ?»

«ሸጥሁታ! አየህ ቤቱ እንዴት እንደ ሰፋልህ?»

ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አኺ፣ ያ ሰሊጥ እኮ ስቱዲዮዬ ነበር።»

ለካ ድምፁን ውጠው ቀረጻውን ንጹሕ የሚያደርጉለት ጆንያዎቹ ኖረዋል። ባዶ ቤት ያስተጋባል፤ የተቀዳው ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል። የዓለምወርቅ ዞራ አየችኝ። «ዓመት ሙሉ ታቅፈኸው ኖረህ፣ አንዲት ቀን መታገሥ አቃተህ?»

ፍራሻችንን ተሸክሜ አመጣሁ። ብርድ ልብስ አንጠለጠልን። አብዱረሕማን እያጨበጨበ ራሱን ይነቀንቃል። ሰማዩ ደግሞ እየጠቆረ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ከወረደ ያን ጊዜ ሁሉም አበቃ።

ሐጃ ደሉካቸውን ታቅፈው ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ሰዉ የታለ?» አሉት በዐረብኛ።

«የምን ሰው፣ ሐጃ?»

«የሚሰማኝ ነዋ! ለጆንያ ልታዘፍነኝ ኖሯል የጠራኸኝ?»

እኛ የድንበር ሰዎች ነን፤ ዐረብኛቸው ገባን። የዓለምወርቅ ወደ ደጅ ተመለከተች። ሌሊት የጣለው ዝናብ መሬቱን አጨቅይቶት ወደ እርሻው የሚወስዳቸው ትራክተር አይገባም፤ ለአረም ከጎጃም የወረዱት የቀን ሠራተኞች ሥራ ፈትተው፣ እርጥብ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ አጥራችን ሥር ተኮልኩለዋል።

«እናንተ፣ ኑ ግቡ!» አለቻቸው።

«ሥራ አለ እንዴ፣ እትየ?» አለ ደረበ የሚባለው ተጫዋቻቸው።

«አለ። መቀመጥ ነው።»

«እሱንማ ማን ይችለናል!»

ገብተው ቤቱን ጢም አድርገው ሞሉት። አብዱረሕማን አጨበጨበ። ጭብጨባው ሄዶ ቀረ። እርጥብ ጋቢ ለካ ከሰሊጥ ይበልጣል! «ማሳል የለም፣ ማውራት የለም፣ ማጨብጨብ የለም» ብሎ አስጠነቀቀ። ይህን ሲል ለምን እኔን ብቻ እንደሚያይ አልገባኝም።

ሐጃ ደሉካውን መቱ። ድምፃቸው ትንሽ ሻከር ያለ ነው፤ ሙሽራዋን የሚያስቅ፣ እናቷን የሚያስለቅስ ዓይነት። ጎጃሞቹ ከቃሉ አንዱም አልገባቸውም፤ ትከሻቸው ግን ገብቶታል። ጋቢው ሥር ሲርገፈገፍ ይታየኛል።

አንድ ቦታ ላይ ሐጃ ዜማውን ከፍ አደረጉና አቆሙ። ሴቶቹ የሚቀበሉበት ቦታ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ የሉም። እጃቸው ደሉካው ላይ እንዳለ ቀረ፤ ዓይናቸው ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ያያል።

የዓለምወርቅ እልል አለች።

ለልጃችን ሠርግ እንኳ እንዲያ እልል ስትል አልሰማሁም። አብዱረሕማን ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሐጃ ግን ከት ብለው ሳቁና ደሉካውን አጥብቀው መቱት፤ ዜማውን ደግመው ወደ ጎጃሞቹ ወረወሩት። እነሱም እንደመሰላቸው ተቀበሉ። ደረበ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሰን! ሐጃ አንዱን ዘፈን ከሌላው እያስከተሉ የእናታቸውን ሁሉ አወጡት። የመጨረሻውን ጨርሰው ላባቸውን ሲጠርጉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። አብዱረሕማን «ያለ ጩኸት አንዴ እንድገመው» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ወደ ጣሪያው አየና መልሶ ዘጋው።

ዝናቡ ሲያባራ የአጃቢዎቹን ስም በአልበሙ ላይ ላውጣ ብሎ ጠየቃቸው። ስም መጠየቁ የግብር ነገር ስለመሰላቸው ሁሉም «ደረበ እባላለሁ» አሉት፤ ደረበ ብቻ ሌላ ስም ሰጠ።

ዓርብ ጠዋት ሐጃን ልንሸኝ መናኸሪያ ሄድን። አብዱረሕማን ፊቱ ከስሏል። በየዘፈኑ ላይ አንድ ምቱን የሳተ ጭብጨባ አለ፤ ሊያወጣው ቢታገል አልወጣለት ብሏል። ማዳመጫውን ሐጃ ጆሮ ላይ አደረገላቸው። «ካልወደዱት አልለቀውም፣ ሐጃ። እዚሁ አጠፋዋለሁ።»

ሐጃ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ከደሉካዬ ቀድሞ ቀድሞ የሚያጨበጭበው ማነው?»

አብዱረሕማን መሬት መሬት አየ። የዓለምወርቅ በአገጯ ወደኔ ጠቆመች። «ሰሊጡን የሸጠው ነው፣ ሐጃ።»

ሐጃ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው ሰጡት።

«ተወው፣ ልቀቀው» አሉት። «እንዲህ ያለ ሰው በየሠርጉ አንድ አይጠፋም። እሱ ባይኖርበት እናቴ የውሸት ሠርግ ነው ትል ነበር።»

ሦስተኛው ጥሩንባ ሲነፋ ደግፌ አሳፈርኋቸው።