የታርፕሊዎች ቢጫ ቲሸርት

ኦዴሳ ታርፕሊ ብቻዋን ኖራ ኖራ በስልሳ ስድስት ዓመቷ ፍቅር ያዛት። ምን ይደረጋል፣ ልብ አያረጅ! ግን ሰው ጠፍቶ ነው ሉሺየስ ታርፕሊን የወደደችው? እሷም ታርፕሊ፣ እሱም ታርፕሊ፤ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ባለው የቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ፣ ታርፕሊዎች በሙሉ «አንድ ቤተሰብ» የሚል ቢጫ ቲሸርት ለብሰው የአሳማ ጎድን እየጠበሱ ይውላሉ። የኦዴሳ ቅድመ አያት ሞዝስና የሉሺየስ ቅድመ አያት ጌብሪየል ወንድማማቾች ናቸው ሲባል ነው የኖረው። ባርነት ከቀረ በኋላ ጥቁሮች ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው በተመዘገቡበት በፈረንጆቹ 1870 የሕዝብ ቆጠራ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ከዚህ ወዲያ ማን ይጠራጠር?

ኦዴሳን ያሳደጓት የአባቷ እህት እትዬ ቨርሊን ቁርጡን ነገሯት። ደም ከደም አይጋባም፣ እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም አሉ። ያለ እሳቸው ምርቃት ደግሞ አታገባም። ሉሺየስ እጠብቅሻለሁ ይላታል፤ በሰባ አንድ ዓመቱ እስከ መቼ ሊጠብቅ ነው እቴ!

የሉሺየስ ልጅ ሬኒታ ግን ዝም ብላ አላየችም። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን ዘር በዲኤንኤ ለማስመርመር የአባቷን ምራቅና የኦዴሳን ወንድም ምራቅ ላከች። እትዬ ቨርሊን «ምራቅ ምን ያውቃል?» ብለው አሾፉ። ኦዴሳ ግን ዘመዳሞች ናችሁ ቢሉንስ እያለች እህል አልወርድላት አለ።

አንድ እሑድ ሬኒታ፣ ኦዴሳም ባለችበት፣ በእትዬ ቨርሊን በረንዳ ላይ የምርመራው ውጤት የመጣበትን ስልኳን ከፈተች። የሁለቱ ዘር ጨርሶ አይገናኝም። ቆጠራውንም እንደገና አነበበችላቸው፤ ሞዝስ የተወለደው እዚሁ ጆርጂያ ነው፣ ጌብሪየል ግን ሌላ ግዛት፣ ቨርጂኒያ።

«ስማቸውስ?» አሉ እትዬ ቨርሊን።

«በባርነት የገዛቸው ሰውዬ ስም ነው፣ እትዬ። ሁለቱንም እሱ ነው የገዛቸው።»

አሮጊቷ ቤት ሲሆኑ ከላያቸው የማይለየውን ቢጫ ቲሸርት ቁልቁል አዩት።

«እንግዲያ ይህን ለብሼ ስዋሽ ኖሬያለሁ በሉኛ።»

ኦዴሳ እፎይ አለች። ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣባት፤ ደስ ብሏት ሳለ እትዬ አሳዘኗት።

«አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?» አሉ እትዬ ቨርሊን ቆጣ ብለው። «ይልቅ ሐምሌ ሳይገባ ተጋቡና ቲሸርቴን እውነት አድርጉልኝ።»