ከበር ጀርባ የተሰማው ዱዓ

ሚኒባሱ የሀረጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ሙንዚር መብራት እንዲጠፋ ዱዓ ያደርግ ነበር። ደሴ በሙሉ ባይሆን ሆጤ፣ ሆጤም ባይሆን የአክስቱ የጣይባ ሰፈር ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል። ሌላ ጊዜ በረባ ባልረባው የሚጠፋ መብራት ዛሬ ቢጠፋ ምን አለበት?

ትናንት ኮምቦልቻ፣ ከሚሠራበት ሞባይል ቤት ፊት ለፊት ካለው ካፌ ተቀምጦ የአዲሱን አስፈሪ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል አይቷል። ሆጤ መብራት ስላልነበረ አክስቱ አላዩትም። ዛሬ እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ ደግሞ ይደገማል። ሳያዩት መድረስ አለበት።

አስፈሪ ፊልም ለሙንዚር ነፍሱ ነው። ደንበኞቹ ፍላሽ ላይ ፊልም ሲያስጭኑት እንኳ ሳይጠየቅ አንድ የጂን ፊልም ጣል ያደርግላቸዋል። በቴሌግራም ገጹ ደግሞ የአገር ውስጡን ድራማ ሲያብጠለጥል ነው የሚውለው። "ፊቱን ዱቄት ነስንሶ፣ ዓይኑን ቀይ ቀለም ተቀብቶ የሚያጓራ ሰው ማንን ያስፈራል?" ብሎ ጽፎ ነበር። "የሚያስፈራው የማይታየው ነው። ከተዘጋ በር ጀርባ አንዲት አሮጊት ቀስ ብላ ስትናገር አሰሙን፤ ያን ቀን እንቅልፍ ከወሰደን እኔ ውሸታም ነኝ።"

ይህን አንብቦ ነው የአዲሱ ድራማ ዳይሬክተር ወንድምአገኘሁ ከአዲስ አበባ የደወለለት። እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት እንደሚገኝ ሲጠይቀው፣ ሙንዚር በኩራት ልቡ አብጦ አክስቱን ጠቆመ። ሐሙስ ሐሙስ ጎረቤቱ ሁሉ ጣይባ ዘንድ ተሰብስቦ ዱዓ ያስደርጋል፤ የታመመ ያለበት፣ ልጇ ስደት የወጣባት፣ ሁሉም ይመጣል። "ድራማው ውስጥ ቤቱን የሚጠብቅ ምርቃት ሆኖ ይገባል" አለው ወንድምአገኘሁ፤ ሙንዚርም አመነ። ጣይባ ድምፃቸውን ሊቀርጹ የመጡትን ልጆች የሰው አገር መንገደኞች ናቸው ብለው ከልባቸው መረቁ። ለድምፅ ጥራት ይደገም ሲባሉም፣ ዱዓ ቢደገም ምን ክፋት አለው ብለው ደገሙት።

ትናንት ካፌው ውስጥ፣ ድራማው ላይ ያለችው ልጅ ጆሮዋን በሩ ላይ ስትለጥፍ ከወዲያ የመጣው ድምፅ የሙንዚርን ፀጉር አቆመው። ደስ አለው። በአማርኛ እንዲህ የሚያስፈራ ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር። ድምፁን ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያሳደጉትን አክስቱን ፈርቶ፣ በፍርሃቱም ተደስቶ ነበር።

መብራቱ አልጠፋም። ቤት ሲደርስ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ጎረቤት ሞልቶ፣ ድራማው ተጀምሯል። ጣይባ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ቴሌቪዥን የሚሰሙት እንጂ የሚያዩት አይደለም፤ ተጠግተው ተቀምጠዋል።

"መጣህ ሙንዚሬ? ና፣ ቁጭ በል። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቻለሁ።"

"አክስቴ፣ ሌላ ቀን ብንሰማው? በስልኬ አመጣልዎታለሁ።"

"አንተ ደግሞ። ሰው ሰብስቤ?"

ጎረቤታቸው ፋጡማ አቀርቅራ የምንጣፉን ጠርዝ ትነካካለች። ትናንት ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እህቷ ቤት ነበረች፤ እዚያ መብራት ነበር። አይታዋለች ማለት ነው።

ልጅቷ በሩ ጋ ደረሰች። "ያ ረቢ፣ አግባቸው፣ እናታቸው ቤት በደህና አግባቸው" የሚለው ምርቃት ተጎትቶና ወፍሮ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ። ተከትሎ አንድ ጎርናና "አሚን" ተሰማ። እሱ የሙንዚር የራሱ ነው፤ ድምፃቸው በተቀረጸ ዕለት አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። ልጅቷ ጮኸች። የሌላዋ ጎረቤት የቢልቂስ ትንሽ ሴት ልጅ እናቷ ጉያ ውስጥ ተወሸቀች።

"እኔ ያልኩት ነው" አሉ ጣይባ። "ድምፄ ግን ምን ሆነ? አሞኝ ነበር እንዴ?"

"ማሽኑ ነው" አለች ፋጡማ ቶሎ ብላ።

"ልጅቷስ ምን ሆና ጮኸች?"

"ፈርታ።"

"ማንን?"

ፋጡማ ሙንዚርን ቀና ብላ አየችው። "ቤቱ ውስጥ ያለውን ጂን ነዋ። ያንቱ ዱዓ እኮ ነው የሚያባርርላት።"

"አልሐምዱሊላህ።" የጣይባ ፊት በራ። "ጩኸት ስሰማ ደንግጬ ነበር። ሙንዚሬ፣ ለነዚያ ልጆች ንገራቸው። ሐሙስ ይምጡ፣ ደህና አድርጌ እደግምላቸዋለሁ።"

ውሸቱ ተሠርቶ አልቋል፤ ከሙንዚር የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው። ፋጡማም በዓይኗ እባክህ ትለዋለች። የቢልቂስ ልጅ ግን ቴሌቪዥኑን ትታ፣ ከእናቷ ጉያ ሆና ጣይባን በፍርሃት ታያለች። ሐሙስ እናቷ ለዱዓ ይዛት ስትመጣ እዚሁ ቤት ውስጥ ትጮኻለች። ጣይባም እንደገና "ማንን ፈርታ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ያን ጊዜ የሚመልስላቸው ሕፃን ነው።

ሙንዚር ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋና እግራቸው ሥር ተቀመጠ።

"ምነው አጠፋኸው?"

"አውፍ በሉኝ፣ አክስቴ፣ ይቅር በሉኝ" አለ። "ልጅቷ የፈራችው አንቱን ነው።"