የወይዘሮ አክሮይድን ቤት ስንጠብቅ

ባንኩ ጥፋት የለበትም፤ አስቀድሞ ነግሮኛል። የቤት ብድሬ ወለድ ለአምስት ዓመት የማይነቃነቅ ነበር፤ ከመቶ አንድ ተኩል። እንግሊዝ አገር ሃደርስፊልድ ከተማ ውስጥ አውቶብስ እየነዳሁ በኖርኩበት ዕድሜ የደረሰኝ ዕጣ ቢኖር እሱ ነው። ሌላው ሰው ስድስት ሲከፍል እኔ አንድ ተኩሌን እየከፈልኩ መሪዬ ላይ አፏጭ ነበር። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ናይጀልን ወደድኩ።

ናይጀል ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ በኪራይ የሚኖር። የእኔ ቤት ደግሞ ለአንድ ሰውና ለአንድ ድመት የተሠራ ነው። «ጃኒን፣ አብረን እንግዛ። ያንቺ የኔ የማንባባልበት ቤት» አለኝ። እስከ ሃምሳ ዓመቴ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እሺ አልኩ።

የባንኩ ደንብ ግልጽ ነው። ቤቴን ሸጬ ውሉን ካፈረስኩ አምስት ሺህ ፓውንድ እቀጣለሁ። በሦስት ወር ውስጥ በእነሱው ብድር ሌላ ቤት ከገዛሁ ቅጣቱ ይመለስልኛል፤ አንድ ተኩሌም አብሮኝ ይሄዳል። ሦስት ወር ካለፈ ሁለቱም የሉም። ያለ አንድ ተኩሉ ደግሞ የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮም አዲስ ቤት አይገዛም።

«ቀድመሽ ሽጪ፤ ሻጮች የራሱ ቤት እስኪሸጥ የማያስጠብቃቸውን ገዢ ነው የሚመርጡት» አለኝ ደላላው ክሬግ። ሸጥኩ። ድመቴንና ሳጥኖቼን ይዤ ናይጀል ጋ ገባሁ።

የመረጥነው ቤት የወይዘሮ ኢኒድ አክሮይድ ነው፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ዋጋችንን ተቀበሉ። እኛ አገር ግን ጠበቆች የተፈረመ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ እሺታ ዋጋ የለውም። ሁሉም ይህን ያውቃል፤ ሁሉም እንዳላወቀ ይሆናል።

ሁለት ወር አለፈ። ክሬግ ጋ ደወልኩ።

«ወይዘሮ አክሮይድ በሚገቡበት የአረጋውያን መኖሪያ ክፍሉን የያዘችው ሴትዮ ገና አልወጣችም» አለኝ።

«ለምን አትወጣም?»

«ልጇ እሱ ቤት የምትገባበትን ክፍል እያደሰ ነው።»

«አድሶ አይጨርስም?»

«ቧንቧ ሠራተኛ እየጠበቀ ነው።»

ኑሮዬ አንድ የማላውቀው ቧንቧ ሠራተኛ እጅ ላይ ወድቆ ነበር። ናይጀል «ይሳካል» ይላል፤ እንዴት እንደሚሳካ አይናገርም። እኔ ቀን እቆጥራለሁ፣ ሮጦ የሚመጣ ተሳፋሪ ላይ በር እዘጋለሁ።

ሦስት ወሩ ሊሞላ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር ራሴ ወይዘሮ አክሮይድ ጋ ሄድኩ። ክሬግ ሻጭ ጋ በቀጥታ አይኬድም ብሎኛል፤ የራሱ ጉዳይ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ተለማመድኩ። «በአሥር ቀን ውስጥ ካልፈረሙልኝ ሁሉም ነገር ያልቃል።» አጭርና ግልጽ።

በሩን ከፈቱልኝ። ኮሪደሩ ላይ ዕቃ የታሸገበት አንድ ሳጥን እንኳ የለም። የሟች ባላቸው ኮት ማንጠልጠያው ላይ አለ።

«ልደውልልሽ እያሰብኩ ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እያዘገየሁሽ ነው አይደል?»

«አዎ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ኧረ በፍጹም» አልኩ። «አይቸኩሉ። እኛ ምንም አላሳሰበንም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። በራስዎ ጊዜ ያድርጉት።»

እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ፤ እዚህ ሁላችንም ያደግነው እንዲሁ ነው። እግራችንን የረገጠንን ሰው ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን። ሰሚው ደግሞ ያልተባለውን ይረዳል ተብሎ ይታሰባል። ጭራሽ መጋረጃቸውን አድንቄ፣ ብስኩት በልቼ ወጣሁ። ፌርማታው ጋ ስደርስ በራሴ ተናደድኩ። ተመልሼ ማንኳኳት እችል ነበር። ነውር መሰለኝና ተውኩት።

በማግስቱ ክሬግ ደወለ። «ምን ብለሻቸው ነው? ያቺ ደግ ልጅ አይቸኩሉ ስላለችኝ ፋሲካ እስኪያልፍ እዚሁ እቆያለሁ እያሉ ነው።»

«ለይሉኝታ ያልኩት ነዋ።»

«ይገባኛል። እሳቸው ግን አመኑሽ።»

እውነቱን ንገራቸው አልኩት፤ ነገራቸው። አለቀሱ። ወንድ ልጃቸው ደውሎ እናቴን አታስጨንቁ አለና ቤቱን ከሽያጭ አወጣው። ቀኑ ሲያልፍ ቅጣቱ እንደማይመለስልኝ፣ አንድ ተኩሌም እንደቀረ የሚገልጽ ጨዋነት የተሞላበት ደብዳቤ ከባንኩ መጣልኝ።

ናይጀል ሁሉንም ሰምቶ «እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምላቸው» አለ። ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አከራዩ የኪራይ ውል ማደሻ አመጣ፤ የአንድ ዓመት። የተከራይ ስም የሚሞላበት ሁለት መስመር አለው። ናይጀል ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስሙን ጻፈ፣ ፈረመና ወረቀቱን አጥፎ ፖስታ ውስጥ ከተተው። ከመታጠፉ በፊት ባዶውን ሁለተኛ መስመር አይቼዋለሁ። ማየቴንም አይቷል። የኔን ስም ለምን እንዳላስገባ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ።

«ሻይ ላፍላ?» አልኩት።

«ካላስቸገረሽ» አለኝ።